ቶማስ ያልነበረበት ማታ

የፋሲካ ሳምንት አልቆ የሚመጣው እሑድ ዳግም ትንሣኤ ይባላል። የዕለቱ ወንጌል ዮሐንስ ምዕራፍ 20 ነው። ጌታ በተነሣበት ዕለት ማታ ደቀ መዛሙርቱ ፈርተው፣ ደጅ ዘግተው ተቀምጠው ሳለ መካከላቸው ተገኘ፤ ቶማስ ግን አልነበረም። በኋላ ያዩትን ሲነግሩት፣ የችንካሩን ምልክት በዐይኑ ካላየ፣ በእጁም ካልዳሰሰ እንደማያምን ተናገረ። በስምንተኛው ቀን እሱም አብሯቸው ሳለ፣ ደጁም እንደተዘጋ፣ ጌታ ዳግመኛ መጣ። ይህን ወንጌል ይዞ የሚሰበከው አብዛኛውን ጊዜ የቶማስ ጥርጣሬ ነው። ስለ ጥርጣሬው ብዙ ስለተባለ እኔ አልጨምርበትም። ዐይኔ የሚያርፈው ከጥርጣሬው በፊት ባለው ነገር፣ በመቅረቱ ላይ ነው። ከጉባኤ የቀረ ሰው ምን ይሆናል? ጉባኤውስ ለቀረው ሰው ምን ያደርጋል? የዛሬው ቤተ ክርስቲያን፣ የየትኛውም ወገን ቢሆን፣ ማኅበር መሆኑና ደቀ መዝሙር ማፍራቱ የሚለካው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የመጻሕፍት ቤት መምህር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ንባቡን ያሰማል፤ ይተረጉመዋል፤ ከዚያ «አንድም» እያለ ያወርደዋል። ሁለተኛው ትርጓሜ የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ አጠገቡ ይቆማል እንጂ። እዚህ የምጽፈው ከወንበሩ የተቀበልሁት አይደለም፤ የመምህራኑን መንገድ ተውሼ ስለ ዘመናችን ጉባኤ ያሰብሁት ነው። የሊቃውንቱን ሐተታ የሚሻ ወደ ጉባኤ ቤቱ ይሂድ።

ደጅ ዘግተው መቀመጣቸው።

ለምን ዘጉ ቢሉ አይሁድን ፈርተው። መምህራቸው በተሰቀለ በሦስተኛው ቀን፣ ተረኛው ማን እንደሆነ ባልታወቀበት ሰዓት ነው። አንድም ፍርሃት የሰበሰበው ጉባኤ ከምቾት ጉባኤ ይልቅ ይጠብቃል፣ ማለትም ሰው ከሰው ይጣበቅበታል። ታሪክ፤ በ1974 ዓ.ም. ደርግ ወንጌላዊቷን የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ዘጋ። ሕንጻዎቿን ወሰደ፣ መሪዎቿን አሰረ። ያን ጊዜ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። አዳራሽ ሲታጣ ምእመናኑ ጥቂት ጥቂት ሆነው በየቤቱ መሰብሰብ ጀመሩ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ መዝሙሩ በሹክሹክታ፣ ጸሎቱ በለሆሳስ ሆነ። ሰባኪ ለእያንዳንዱ ቤት አይደርስምና ያልለመደው ሁሉ ማስተማር ነበረበት፤ ከነዚህ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ በግላጭ ሲሰበሰቡ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ።

በዚያው በ1983 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ ተልከው ነበር። መንግሥት እየወደቀ፣ ነገ ወዴት እንደሚዘምቱ ሳያውቁ፣ ኦርቶዶክሳውያኑ ተማሪዎች በአንድነት ጸለዩ። ያ ኅብረት በዓመቱ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ ማኅበረ ቅዱሳን ሲመሠረት ከመሠረቶቹ አንዱ ሆነ። እነዚህ ሁለት ወገኖች በብዙ ነገር አይስማሙም፤ ልዩነቱ ከባድ ነው፣ በጽሑፍ ለማለዘብም አልሞክርም። ሆኖም ሁለቱም በተዘጋ ደጅ ውስጥ ያገኙት አንድ ነገር አለ፦ እያንዳንዱ ሰው አጠገቡ ያለውን በስም ያውቅ ነበር።

አንድም የተዘጋ ደጅ የዘገየውን ያስቀራል። ይህ የሰላሙ ዘመን ደጅ ነው። ዐሥር ሆነው የጀመሩ ወዳጆች ከዓመት በኋላም ዐሥር ናቸው፤ ቀልዳቸው ለሌላው አይገባም፤ አዲስ ሰው ቢመጣ ተነሥተው ወንበር ይሰጡታል፣ ከዚያ ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። የጽዋ ማኅበርም፣ የቤት ለቤት ኅብረትም በዚህ በሽታ ይያዛል። ፍርሃቱ አልፎ ደጁ ብቻ የቀረ እንደ ሆነ ማኅበሩ እድር ያልሆነ እድር ሆኗል ማለት ነው።

ቶማስ አለመኖሩ።

የት ሄዶ ነበር ቢሉ ወንጌላዊው አልነገረንም። ፈርቶ ነው እንዳንል በዮሐንስ ምዕራፍ 11 ጌታ ወደ ይሁዳ ልመለስ ሲል፣ አብረነው እንሂድና እንሙት ብሎ ጓደኞቹን ያደፋፈረው እሱ ነው። እንዲያውም በዚያ ማታ ፈርተው ደጅ የዘጉት ሌሎቹ ናቸው። አንድም ኀፍረት ነው። አብሬህ እሞታለሁ ያለ ሰው ሳይሞት ሲቀር ፊቱን ለሰው ማሳየት ይከብደዋል። ዛሬም ከቤተ ክርስቲያን ከሚርቁት ውስጥ ጥቂት የማይባሉት በእምነት ጉድለት የራቁ አይደሉም። አንዱ ትዳሩ ፈርሷል፤ አንዱ ንግዱ ከስሯል፤ ሌላዋ ልጇ ያለ ጋብቻ ወልዳለች። መዘምራን ሆነው ያገለገሉ፣ በዕልልታ የተዳሩ ሰዎች ናቸው። ያየ ሁሉ ምን ሆናችሁ ሊላቸው ነው፤ ስለዚህ ቤታቸው ይቀራሉ።

አንድም ሥራ ይዞት ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ አበሾች ይህን ትርጓሜ ሳይነገራቸው ያውቁታል። ሆስፒታል አዳሪ ሆና የነጋባት ነርስ፣ እሑድ ገበያው የሚደራለት የታክሲ ሹፌር፣ ተራው ሰንበት የዋለበት የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ በቅዳሴ ሰዓት የሉም። በዝርዝር ብትጠይቃቸው የሚቀሩት የቤተ ክርስቲያኑን የቤት ኪራይ ለማዋጣት ጭምር ነው።

አንድም ደጁ በውጭ ተዘግቶበት ነው። የሐዋርያቱ ደጅ ከውስጥ ተቆለፈ፤ በአረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችን ደጅ ግን በአሠሪዋ እጅ ነው። የዕረፍት ቀን የላትም፤ ካላትም መውጣት አልተፈቀደላትም። ቅዳሴውን የምትሰማው ሌሊት ሰሃን አጥባ ስትጨርስ፣ ስልኳን የዱቄት ቆርቆሮ ላይ አስደግፋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋ ነው። ይህችን እንደ ቀረች መቍጠር ግፍ ነው። ነገር ግን አብረዋት ከአገር የወጡት ልጆች በወር አንድ ጊዜ በየተራ እየደወሉ የምትሰማውን ካልጠየቋት፣ ማየት ብቻውን ማኅበር አይሆንላትም። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲገባ ሁላችን ለጥቂት ወራት የእሷን ሕይወት ቀምሰናል። ከዚያ ወዲህ በስክሪን መከታተሉን የለመደ፣ ጤናም ጊዜም እያለው ከሶፋው ያልተነሣ ሰው አለ። ቅዱስ ባስልዮስ ብቻውን መኖር ለሚሻ መነኵሴ ያቀረበው ጥያቄ ለእሱም ይሆናል፤ ጌታ እግር ሲያጥብ አይተህ፣ አንተ የምታጥበው የማንን ነው የሚል ነው።

አንድም ማንም ስላልጠራው ነው። ይህ ከሁሉ ይከፋል።

ሐተታ። ዮሐንስ የቶማስን አለመኖር ሊጽፍ የቻለው ስለታወቀ ነው። ይሁዳ ወጥቷል፤ አሥራ አንድ ቀርተዋል፤ አሥር ተገኝተዋል፤ አንዱ ጎድሏል። ቍጥሩ ትንሽ ስለሆነ ጉድለቱ ታየ። ሁለት ሺህ ሰው በሚቆምበት ዐውደ ምሕረት፣ ሦስት ሺህ ሰው በሚያስቀምጥ አዳራሽ ቶማስ ቢቀር ማን ያውቃል? ቦታው በሌላ ሰው ተሞልቶ ይውላል። እንዲያውም ጉባኤው ሞልቷል ብለን እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። እኔ በበኩሌ ብዙ ሕዝብ መሰብሰቡን አልነቅፍም፤ በዓለ ሃምሳ ራሱ በአንድ ቀን 3,000 ነፍስ የተጨመረበት ቀን ነው። የምነቅፈው 3,000ውን ተቀብሎ ወደ አሥርና ወደ አሥራ ሁለት አለመከፋፈልን ነው።

ስለ ቀሪ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ይልቅ እድር ጠንቃቃ ነው። ቀብር ውሎ ድንኳን ውስጥ ንፍሮው ሲቀርብ የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ዘርግቶ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ዝቅ ያደርግና ስም ይጠራል። «አለሁ» ያለ ይታለፋል። ዝም የተባለበት ስም ላይ እስክሪብቶው ይቆማል፤ «ታሟል እንዴ?» ይባላል፤ አንዱ ያውቃል፤ ያላስፈቀደ ይቀጣል፣ የታመመ ይጠየቃል። እድር የምናቋቁመው ለሞት ነው፤ ሆኖም በሕይወት ያለነውን በስም የሚጠራን እሱ ሆኗል። ጽዋ ማኅበርም እንዲሁ ነው። በወሩ በዓል ዳቦው ተቈርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ሙሴው ጸሎት አስደርሶ ሲያበቃ ያልመጣ አባል ካለ ድርሻው ይቀመጥለታል። ጎረቤቱ የሆነ አባል በፌስታል ይዞለት ይሄዳል። ያ ፌስታል ይዞ ደጅ የሚያንኳኳ ሰው፣ ምንም ስብከት ሳይናገር፣ አንተ የኛ ነህ ማለቱ ነው።

ከሩቅ አገርም አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1742 በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ የጆን ዌስሊ ተከታዮች የሠሩት ቤት ዕዳ ነበረበት። ምን ይሻላል ብለው ሲመክሩ ካፒቴን ፎይ የተባለ አንድ ሰው ተነሥቶ እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንድ ፔኒ ያዋጣ አለ። ድሆቹ ከየት ያመጣሉ ቢሉት፣ ከድሆቹ አሥራ አንዱን ለኔ ስጡኝ፣ በየሳምንቱ እየሄድሁ እቀበላቸዋለሁ፣ ያጣውን እኔ እሞላለሁ ብሎ መለሰ። ሌሎችም እንደሱ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ተካፈሉ። ፔኒ ሊቀበሉ ቤት ለቤት ሲዞሩ ያላሰቡትን አገኙ፤ ባል ሚስቱን ሲደበድብ፣ አንዱ ሲሰክር፣ አንዷ ታማ ጠያቂ አጥታ ተኝታ። ዌስሊ ይህን ሲሰማ ለዓመታት የፈለገው ይህ እንደሆነ ገባው፤ የዕዳ መሰብሰቢያው ዘዴ የነፍስ መጠበቂያ ሆነ። ለአሥራ ሁለት ሰው አንድ ተጠያቂ የመደበው ያ ሥርዓት ነው የሜቶዲስቶችን እንቅስቃሴ ለረጅም ዘመን ያቆመው። እኛ ዘንድ ነገሩ ተገልብጦ ነው የማየው። ሰው ከቀረ ዓመት አልፎት ያልደወልንለት፣ የሕንጻ ማሠሪያ ኮሚቴ ሲቋቋም እንደውልለታለን። የፎይ ሰዎች ገንዘብ ፍለጋ ሄደው ሰው አገኙ፤ እኛ ሰው ፍለጋ የሄድን መስለን ገንዘብ ይዘን እንመለሳለን።

ለቶማስ መንገራቸው።

ማን ሄዶ ነገረው ቢሉ አልተጻፈም። ነገሩት እንጂ አልገሠጹትም። የት ነበርህ ብለው አልመረመሩትም፤ ያየነውን አላየህም ብለው አልተመጻደቁበትም። አንድም ሁሉም ነገሩት፤ የአንድ ሰው ሥራ አላደረጉትም። በዛሬው ጉባኤ የጠፋውን መፈለግ ለአንድ ቄስ፣ ለአንድ መጋቢ ይተዋል። በከተማ ያለ የንስሐ አባት ልጆቹ ተበትነዋል፤ አንዱ ሰሚት ነው፣ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ዱባይ። ድሮ ጠበል ሊረጩ ሲመጡ የቤቱን ጣጣ ሁሉ አይተው ይሄዱ የነበሩት አባት ዛሬ በስልክ «ደኅና ናችሁ ወይ» ይላሉ፤ ደኅና ነን ይባላሉ። በእሳቸው መፍረድ አይገባም፤ ሸክሙ የአሥሩ ሁሉ ነበርና።

የተመለሰውን ሰው የምንቀበልበት አነጋገርም አለ። በበሩ ሲገባ እጁን ይዘን «ጠፋህ እኮ!» እንለዋለን። ወዳጅነት ነው፤ ናፍቆትም አለበት። ነገር ግን የጠፋበትን ወራት እኛ ስንቆጥር እንደነበር የሚያሳይ ምንም ነገር ሳናደርግ የተናገርነው ከሆነ፣ ጥፋቱን በእሱ ላይ ብቻ መጫናችን ነው። መልሶ «እናንተስ?» ቢል ምን እንላለን? ጨዋ ስለሆነ አይልም።

ስምንቱ ቀን።

ወንጌሉ ስለ ስምንቱ ቀን ዝም ይላል፤ ለኔ ትልቁ ምሥጢር ያለው እዚህ ነው። ቶማስ አላምንም ብሏል። አሥሩ አይተዋል። እንግዲህ አንድ ቤት ውስጥ የሚያምኑና የማያምን አብረው ሰነበቱ። እነሱ አላባረሩት፤ እሱም ጥሏቸው አልሄደ። በስምንተኛው ቀን ጌታ ሲመጣ ቶማስ እዚያው ተቀምጦ ተገኘ። አብረው በልተዋል፤ ተከራክረዋል፤ ምናልባት ተኰራርፈዋል። ማታ ማታ ማርያም መግደላዊት መቃብሩ ዘንድ ያየችውን ደግማ ሳትነግረው አልቀረችም። ጌታ ለቶማስ ብቻውን በመንገድ ሊገለጥለት ይችል ነበር። ያልተገለጠለት ለምንድን ነው ቢሉ ማኅበሩ ውስጥ እንዲያገኘው ነው።

አንድም ስምንቱ ቀን የትምህርት ዘመን ነው። በጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ሊጠመቅ የመጣ ሰው ወዲያው አይጠመቅም ነበር። ለሂጶሊጦስ በሚሰጠው የሐዋርያት ትውፊት በተባለው መጽሐፍ የትምህርቱ ዘመን ሦስት ዓመት ነው። የሚመረመረውም በቃል ያጠናውን ብቻ አይደለም፤ በነዚያ ዓመታት መበለቶችን አክብሯል ወይ፣ ሕሙማንን ጠይቋል ወይ ተብሎ ያመጡት ሰዎች ይመሰክሩለታል። ምስክር የሚሆን አብሮት የኖረ ነው። የኛ ሥርዓተ ቅዳሴ የዚያን ዘመን ምልክት ይዞ ቆይቷል፤ ዲያቆኑ ንዑሰ ክርስቲያን እንዲወጡ ያዛል። ማንም አይወጣም። በአርባና በሰማንያ ቀናችን ስለተጠመቅን የሚወጣ የለም። ሥርዓቱ መልካም ነው፤ ግን ከጥምቀት በፊት ይሰጥ የነበረው የሦስት ዓመት ትምህርት ከጥምቀት በኋላ የማን ዕዳ ሆነ? የክርስትና አባት ዕዳ ነበር። የክርስትና አባት ግን በጥምቀቱ ዕለት ልብስ አልብሶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ከዚያ ለሠርጉ ካርድ ሲደርሰው ይታወሳል። ሰንበት ትምህርት ቤት የሚችለውን ይሸከማል፤ ግን ወደዚያ የሚመጣው የመጣው ነው።

በወንጌላውያኑም ዘንድ ይህ ጥያቄ መልኩን ለውጦ አለ። የደቀ መዝሙር ትምህርት የሚባል ኮርስ ተዘጋጅቷል፤ መምሪያ አለው፣ ሳምንታት አሉት፣ ሲያልቅ ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ኮርሱ አይጠላም፤ ያለ እሱ ብዙ ሰው ወንጌልን ከነአካቴው ሳያውቀው ይኖር ነበር። ነገር ግን ሰው አሥራ ሁለት ሳምንት ተምሮ፣ ምስክር ወረቀቱን ሳሎን ሰቅሎ፣ አስተማሪው ቤቱን አንድ ቀን ሳያይ ተመርቋል። ቶማስ ስምንቱን ቀን ኮርስ አልወሰደም። አብሮ ዋለ፣ አብሮ አደረ።

አብሮ ማደር የሚያስተምረውን የአብነት ትምህርት ቤት ያውቀዋል። የቆሎ ተማሪ ከየኔታ በቀጥታ የሚማረው ጥቂት ነው። ከሱ አንድ ደረጃ የቀደመው ተማሪ ያስቀጽለዋል፤ እሱም ትናንት የተቀጸለውን ዛሬ ለታናሹ ያስቀጽላል። ጎጆው የጋራ ነው፤ ቁራሹን ለምነው የሚያመጡት በጋራ ነው፤ አንዱ ሲታመም ድርሻውን ለምኖ የሚያመጣለት ሌላው ነው። ማታ በእሳት ዙሪያ ሲቀጽሉ ድምፁ የጎደለ ወዲያው ይታወቃል። እዚያ ቤት ሰው እየተማረ ያስተምራል፤ ማስተማር የጀመረውም ሁሉን ከጨረሰ በኋላ አይደለም። በደርግ ዘመን በየቤቱ የተሰበሰቡት ያለ ዕቅድ የገቡበት መንገድም ይኸው ነበር። ምእመኑ ሁሉ አድማጭ፣ አንዱ ብቻ ተናጋሪ የሆነበት ጉባኤ ስንት ዓመት ቢቆይ አድማጭ ያፈራል፤ ደቀ መዝሙር ግን ተራ ሲደርሰው ነው የሚወለደው። ጽዋ ማኅበር ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በየወሩ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ዘንድሮ ተጋብዞ የበላ ከርሞ ደግሶ ያበላል። ደሃ ነኝ ያለም በአቅሙ ይደግሳል እንጂ ተራው አይዘለልም። ለሰውዬው አዝነን ተራውን ብንዘልለው ከማኅበሩ ማውጣታችን ነው።

ቁስሉን ለቶማስ ማሳየቱ።

መምህራን በትውፊት የሚሉት አለ፤ ቶማስ እጁን ወደ ጌታ ጎን ቢያስገባ እጁ እንደ ጅማት ኮመተረች፤ አምላክነቱን ሲመሰክር ዳነች። አንድም፣ ይህ ለዛሬው ጉባኤ የሚሆነው፣ መምህሩ ቁስሉን ለደቀ መዝሙሩ አሳየ። መሪ የተባለ ሁሉ ያልቆሰለ ለመምሰል ይደክማል። በደቡብ ኮሪያ ሴኡል ዮንጊ ቾ የተባሉት መጋቢ እ.ኤ.አ. በ1964 በሥራ ብዛት ታመው ወደቁ፤ ሕዝቡን ብቻቸውን መሸከም እንደማይችሉ ሲገባቸው ምእመናኑን በየቤቱ ከፋፍለው፣ በዚያ ባህል ያልተለመደ ቢሆንም፣ አብዛኛውን ለሴቶች አደራ ሰጡ። በዓለም ትልቁ የተባለው ጉባኤ ያደገው በዚያ ነው። እኒሁ ሰው እ.ኤ.አ. በ2014 የቤተ ክርስቲያኑን ገንዘብ በማጉደል ወንጀል በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። የእያንዳንዷን ባልቴት ጓዳ የሚያውቅ ሥርዓት ዘርግተው፣ የመሪውን መዝገብ ግን ደፍሮ የሚጠይቅ አልነበረም። የታመሙ ጊዜ ድካማቸውን ማሳየታቸው ቤተ ክርስቲያናቸውን ገነባ፤ በኋላ የተደበቀው ጎዳት። ሰበካ ጉባኤም ሆነ የሽማግሌዎች ጉባኤ ይህን ከሩቅ አገር ወሬነት አልፎ ቢያስብበት መልካም ነው።

ቶማስ ዳግመኛ መቅረቱ።

ይህ በወንጌል የለም፤ በፍልሰታ ትውፊታችን ያለ ነው። እመቤታችን ነሐሴ 16 ስታርግ ሐዋርያት አላዩም። ቶማስ ግን ሕንድ አገር ሊሰብክ ሄዶ ስለነበር በደመና ተጭኖ ሲመጣ በአየር ላይ አገኛት። መጀመሪያ የልጇን ትንሣኤ ሳላይ ቀርቼ፣ አሁን ደግሞ የእሷን ብሎ ከደመናው ሊወድቅ ቢደርስ አጽናናችው፤ ለምስክር ሰበኗን ሰጠችው። ወንድሞቹ ቀብረናታል ሲሉት ሰበኑን አወጣ። እነሱም ለበረከት ተካፈሉት። ካህናት ከመስቀላቸው ጋራ የሚይዙት መሐረብ የዚያ ምሳሌ ነው ይባላል።

እንግዲህ ቶማስ ሁለት ጊዜ ቀረ። በመጀመሪያው ማታ የት እንደነበረ አይታወቅም። በሁለተኛው ግን ይታወቃል፤ ተልኮ ነበር። መጀመሪያ ሲቀር ሌሎቹ ያዩትን ነገሩት፤ ሁለተኛ ሲቀር እሱ ያየውን ነገራቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የደቀ መዝሙርነት ርቀት ነው። የሕንድ የኬረላ ክርስቲያኖች እ.ኤ.አ. በ52 ቶማስ ከባሕር ዳርቻቸው ወረደ ብለው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ፤ የኛም ስንክሳር ግንቦት 26 ዕረፍቱን ያነባል። ተጠራጣሪ ያልነው ሰው ከአሥሩ ብዙዎች ይልቅ ርቆ ሄደ።

ለኛ የሚሆነው ይህ ነው። የጉባኤ ግብ ሰው ሁልጊዜ እንዲገኝ ብቻ አይደለም፤ ሲቀር በምን እንደቀረ እንዲታወቅ ነው። አንድ ልጅ ግቢ ጉባኤ አራት ዓመት አገልግሎ ተመረቀና ሥራ ወዳገኘበት ወረዳ ሄደ እንበል። በሄደበት የሚቀበለው ሰው ስም ይዞ፣ እዚያ ያለው ሰንበት ትምህርት ቤት አስቀድሞ ተነግሮት ከሄደ የነሐሴው ቶማስ ነው። በምረቃው ዕለት ጋቢ ለብሶ፣ ተጨብጭቦለት፣ ከዚያ ስልክ ቍጥሩ ከዝርዝሩ ከተፋቀ የፋሲካው ማታ ቶማስ ነው፤ ያውም ወሬ የሚነግረው አሥር ሰው የሌለው። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የመሸኛ ደብዳቤ የሚባል ነገር አለ፤ አባሉ ከተማ ሲቀይር ጽፈው ይሰጡታል። ደብዳቤው ጥሩ ነው። ከደብዳቤው ጋር አንድ ስልክ ቢደወልና «ዛሬ አንዲት ልጅ ትመጣላችኋለች፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ብቻዋን ናት» ቢባል ግን ደብዳቤው ነፍስ ይዘራል። ወደ ቤሩትና ወደ ሪያድ የምትሄድ እኅትም እንዲሁ ናት። ከቦሌ ከመነሣቷ በፊት እዚያ ያለች አንዲት ክርስቲያን ስልክ በእጇ ይዛ ብትሄድ፣ ደጁ ቢቆለፍባት እንኳ መቆለፉን የሚያውቅ ሰው አላት ማለት ነው።

የሰበካ ጉባኤ፣ የማኅበር፣ የቤት ለቤት ኅብረት ኃላፊ የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ የአባላት መዝገብ በእጃችሁ አለ። ለዓመት ክፍያና ለፍትሐት ብቻ አትክፈቱት። በዚህ ወር ከስድስት ወር ወዲህ ያልታዩ ሦስት ስሞች አውጡና ሁለት ሁለት ሆናችሁ ቤታቸው ሂዱ። ያለ ቀጠሮ አትግቡ፤ ደውላችሁ አስፈቅዱ። ለምን ቀራችሁ ብላችሁ አትጀምሩ። የቀሩበትን ወር ብታውቁ እንኳ አትንገሯቸው። የሕንጻ ማሠሪያ ደረሰኝ ይዛችሁ አትሂዱ።